እምነት በፌስታል፣ ቅባት በስልክ

እናቴ ቤት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር፣ የፍሪጁ በር ላይ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ በሃይላንድ የተቀዳ የቁልቢ ጸበል ነው። ሁለተኛው ጎረቤታችን ሐጂያዋ ከመካ ሲመለሱ ያካፈሏት ዘምዘም ነው፤ በትንሽ ጠርሙስ። ሦስተኛው ኢንሱሊን ነው። እናቴ ስኳር ካለባት ብዙ ዓመት ሆኗታል። በድሬ ሙቀት ኢንሱሊን ከፍሪጅ ውጪ ከሰነበተ ይበላሻል። መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ ቤት የሚታሰበው ለሥጋው ሳይሆን ለእሱ ነው። ከፍሪጁ አናት ላይ ደግሞ በፌስታል ተቋጥሮ የተቀመጠ እምነት አለ።

እምነት ስል አመዱን ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው፣ ግንባር የሚቀቡት፣ ሲብስም በጸበል በጥብጠው የሚጠጡት። አማርኛ እዚህ ጋ የሚገርም ነገር ሠርቷል። ልብ ውስጥ ላለውም፣ ፌስታል ውስጥ ላለውም አንድ ስም ሰጣቸው። «እምነት አለሽ?» ብትሏት እናቴ ቀድማ የምታየው ወደ ፍሪጁ ነው።

አምና አራተኛ ነገር ተጨመረ። ቁመቷ ስንዝር የማትሞላ የዘይት ጠርሙስ። እናቴ በስልክ የምትከታተለው አንድ የፈውስ ፕሮግራም ነበር። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፤ ፕሮግራሙ የሌላ ነው። «የእግዚአብሔር ስም ተጠራበት አይደል?» ትላለች፤ በዚህ አትጨቃጨቅም። 1,500 ብር በስልክ ላከች። ዘይቱ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ መጣላት፣ መናኸሪያ ሄዳ ተቀበለች። ከዘይቱ ጋር የድምፅ መልእክት ተላከላት። ቅባቱን እየተቀቡ መርፌ መወጋት መጠራጠር ነው ይላል። መርፌውን ተወችው። ለእኛም አልነገረችንም።

ሁለት ቀን ደህና ነበረች። እንዲያውም ቀለል ብሎኛል ብላ ለጎረቤት መስክራለች። በአራተኛው ቀን ውሃ ጠጥታ አልረካ አለች፣ አስመለሳት፣ አነጋገሯም ተሳሰረ። በባጃጅ ተሸክመን ወሰድናት። ደግነቱ ደረስን።

ከዚያ ወዲህ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብና ሰው መጠየቅ የጀመርኩት። ቤት ውስጥ የነበረው የመጀመሪያ ስሜት ንዴት ነው። ታናሽ ወንድሜ ዘይቱንም፣ ጸበሉንም፣ አመዱንም አንድ ላይ ጠራርጎ ሊያወጣ ነበር። «ሁሉም ያው ነው» አለ። እኔ ግን ያው አልመሰለኝም። አሁንም አይመስለኝም።

እስቲ ከመጽሐፉ እንጀምር፤ ሁሉም ወገን የሚጠቅሰው እሱን ስለሆነ። ክርስትና ብዙ ጊዜ ፈውስን ከሚዳሰስ ነገር አይለይም። ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት የዳነችው የኢየሱስን ልብስ ጫፍ ነክታ ነው። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ዓይኑ ላይ ጭቃ ተቀብቶ ወደ ሰሊሆም ተልኳል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ከጳውሎስ አካል የተወሰደ መሀረብና ሽርጥ ድውያን ላይ ይደረግ እንደነበር ይናገራል። ዛሬ በየአዳራሹ የሚታደለው የጸሎት ጨርቅ ማስረጃው እዚያ ነው። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ደግሞ የታመመ ቢኖር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ጠርቶ በዘይት ይቀቡት ይላል። በኦርቶዶክስ ይህ ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ሆኖ ምስጢረ ቀንዲል ተብሏል። ካቶሊኩም የራሱ የሕሙማን ቅባት አለው። ጴንጤውም ዘይት ይቀባል። በዘይቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ወገን አንድ ማዕድ ላይ በተቀመጡ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ምንድነው? ውሃ፣ ጭቃ፣ ዘይት፣ ያደረ ጨርቅ። ለእኛ ደግሞ አመድና አፈር ተጨመረ። ሁሉም ርካሽ ነው። ማንም ቤት የሚገኝ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

የንዕማንን ታሪክ አስታውሱ፤ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ ያለውን። የሶርያ ጦር አለቃ ነው፣ ለምጽ ወጥቶበታል፣ ብርና ወርቅ ጭኖ ኤልሳዕ ደጅ ደረሰ። ኤልሳዕ ከቤት እንኳ አልወጣለትም። ሄደህ ዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ብሎ ላከበት። ሰውዬው ተናደደ። ያናደደው የነገሩ ክብደት ሳይሆን ቅለቱ ነው። የደማስቆ ወንዞች ከዚህ አይሻሉም ወይ አለ። ታጠበ፣ ነጻ። ስጦታውን ይዞ ሲመለስ ኤልሳዕ እምቢ አለው። ከዚያ ግያዝ የሚባለው ሎሌው ሰረገላውን ሮጦ ተከተለ፣ ጌታዬ ልኮኝ ነው ብሎ ዋሸ፣ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ። የንዕማን ለምጽም እሱ ላይ ተጣበቀ።

ሰው ይህን ምዕራፍ ሲሰብክ ብዙ ጊዜ ዮርዳኖስ ላይ ይቆማል። ለእኔ ግን ምዕራፉ የሚያልቀው ግያዝ ላይ ነው። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ፈውሱም ተፈጽሟል። የተበላሸው ዋጋ የተቆረጠለት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ቁልቢ እንሂድ። ከድሬ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ራስ መኮንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ለገብርኤል ተስለው፣ ሲመለሱ ስለታቸውን በቤተ ክርስቲያን ከፈሉ ይባላል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 መንገዱ በሰው ይሞላል። ድንጋይ የተሸከመ አለ፣ የስለት ልጅ ያዘለች አለች፣ ጃንጥላ የያዘ አለ፣ ስለቴ ደረሰልኝ ብሎ የመጣ ሙስሊምም አለ። ገንዘብ የለም ብዬ አላታልላችሁም። ሞልቷል። ወርቅ ይገባል፣ ጃንጥላ ይገባል። ደጅ ላይ ጧፍ ይሸጣል፣ መቁጠሪያ ይሸጣል፣ ባዶ ሃይላንድና ጀሪካንም ይሸጣል።

ይሁንና እዚያው ደጅ ላይ ቆማችሁ ብታዩ ልዩነቱ ይታያችኋል። ሻጯ ባዶውን ሃይላንድ ትሸጥላችኋለች፤ ጸበሉን አትሸጥም። ውሃውን ልሽጥ ብትል አጠገቧ ያሉት ራሳቸው ነገር ያነሱባታል። ስለትም ቢሆን የሚከፈለው ከደረሰ በኋላ ነው። ካልደረሰ ዕዳ የለም። በስልክ የሚሸጠው ዘይት ግን ቅድሚያ ክፍያ ነው። ካልዳንሽ ጥፋቱ የእምነትሽ ማነስ ነው። ሱቅ ቢሆን እንዲህ ያለውን ውል ማን ይፈርማል?

ዋጋ የሚቆረጥለት ነገር ደግሞ ብርቅ መሆን አለበት። ዘይት በየኪዮስኩ አለ፤ ስለዚህ «የእኔ ዘይት» መባል አለበት። ከአንድ ሰው እጅ ብቻ፣ በአንድ ቀን ብቻ፣ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ብቻ። ይህ ብርቅነት ሰው ይገድላል፤ ለማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በታንዛኒያዋ ሞሺ ከተማ አንድ ሰባኪ መሬት ላይ የፈሰሰውን የተባረከ ዘይት እንዲረግጡ ሕዝቡን ጋበዘ። ሕዝቡ በአንዴ ሲሮጥ 20 ሰው ተረጋግጦ ሞተ። ከዚያ በፊት በግንቦት 2013 ደግሞ በአክራ፣ ጋና፣ አዲስ የቅባት ውሃ ይታደላል ተብሎ በተፈጠረ ግፊያ 4 ሰው ሞቷል። ውሃ ፍለጋ። ጋና ውስጥ ውሃ ጠፍቶ አይደለም።

እስካሁን ነገሬ ሁሉ ዋጋ ላይ ነው። ነጻ ከሆነ ችግር የለውም ማለቴ ከመሰለ ግን ተሳስቻለሁ። እዚያው ታንዛኒያ፣ ሎሊዮንዶ አካባቢ፣ አምቢሊኪሌ ምዋሳፒሌ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሉተራን ቄስ ነበሩ። በእግዚአብሔር ተገልጦልኛል ያሉትን የሥር ውሃ በኩባያ ይሰጡ ነበር። ዋጋው 500 የታንዛኒያ ሽልንግ ብቻ ነው፤ ኢምንት። እ.ኤ.አ. በ2011 የመኪናው ሰልፍ በኪሎ ሜትር ይቆጠር ጀመር። ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ተሰለፉ። ከሆስፒታል አልጋ ተነስተው የተወሰዱ ሕሙማን ሰልፉ ላይ ሞቱ። የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን የተዉም ነበሩ። ቄሱ ሀብታም ሊሆኑ አልፈለጉም ይሆናል። ኩባያው ርካሽ ነበር። ጉዳቱ የመጣው ሰው ኩባያውን ለመጠጣት ሌላውን ስለጣለ ነው።

እንግዲህ እናቴን ለሆስፒታል ያበቃት 1,500 ብሩ አይደለም። ብሩ ያበሳጫል እንጂ አይገድልም። ያቺ የድምፅ መልእክት ናት።

መልእክቷ ተንኮሏ ምን እንደሆነ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ገባኝ። ኢንሱሊን የተወ ሰው ወዲያው አይወድቅም። ስኳሩ ቀስ እያለ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን መርፌ የለም፣ ሕመምም የለም። ስለዚህ «ቀለል ብሎኛል» ያለችው ውሸት አልነበረም። ካሜራ ቢኖር በሁለተኛው ቀን የሰጠችው ምስክርነት እውነተኛ ምስክርነት ይሆን ነበር። በአራተኛው ቀን ማን ይቀርጻል?

የሳምባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሳሉ ይቀንሳል፣ ምግብ ይከፈትለታል። ሕክምናው ግን በአብዛኛው 6 ወር ነው። በሁለተኛው ወር ተቀብቶ «ዳንኩ» ያለ ሰው ክኒኑን ከጣለ፣ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስ ይችላል፤ ለጎረቤትም ሊተርፍ ይችላል። ኤችአይቪ ላይ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ያሳስታል። መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ ከመቀነሱ የተነሳ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ይደርሳል። ውጤቱ ላይ «አልታየም» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ወረቀት መድረክ ላይ ከፍ አድርጎ ማሳየት ቀላል ነው። ያላሳየው ክኒኑ ነው። ካቋረጠው ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

ይህ ሲባል ታዲያ ዘይትና ጸበል ምንም አያደርጉም ማለት ነው? እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም፤ እናቴ ጸበል ጠጥታ ስትተኛ አይቻለሁና። አማርኛ በሽታና ሕመም የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉት። በሽታው በላብራቶሪ የሚታየው ነው። ሕመሙ ሰውየው የሚሰማው ነው፤ ፍርሃቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ብቸኝነቱ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሆዳቸውን በየጊዜው የሚያማቸውን 80 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ገሚሶቹ ውስጡ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ተሰጣቸው፤ መድኃኒት እንደሌለበትም በግልጽ ተነገራቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በቂ እፎይታ አግኝቻለሁ ያሉት ከእነሱ ውስጥ 59 በመቶ ናቸው። ምንም ካልተሰጣቸው ግን 35 በመቶ። ሥርዓቱ፣ በእጅ የተያዘው ነገር ብቻውን ሕመም ሊያስታግስ ይችላል ማለት ነው። ስኳር ግን አያወርድም። ባክቴሪያም አይገድልም። ከዚህ በላይ ያለውን፣ ተኣምር የሚባለውን፣ ጥናት አይነካውም፤ እኔም አልነካውም።

ተኣምርን ካነሳን አይቀር፣ ምርመራ የማይፈራ ቦታ አለ። ፈረንሳይ ያለችው ሉርድ። ከ1858 ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) ምንጯ ላይ ሕሙማን ይጎርፋሉ። ውሃው በቧንቧ በነጻ ይቀዳል። ከ1883 ጀምሮ ደግሞ የሐኪሞች ቢሮ አላት። ዳንኩ የሚል ሰው እዚያ ይቀርባል። ከመምጣትህ በፊት በሽታው በምርመራ ተረጋግጧል ወይ? የወሰድከው መድኃኒት ሊያስረዳው አይችልም ወይ? ከዓመታት በኋላስ ጸንቷል ወይ? ከ7,000 በላይ ሰዎች ዳንን ብለው አመልክተዋል። ቤተ ክርስቲያኗ ተኣምር ብላ ያወጀችው ከ70 ጥቂት የዘለለውን ብቻ ነው። የመቶ ስድሳ ዓመት ሥራ መሆኑ ነው። በእኛ የስልክ ፕሮግራሞች ይህ ቁጥር የአንድ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ አቦ!

እዚህ አገርም ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ጸበል ቦታዎች በሕሙማን ተሞልተው ነበር። ጸበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው፤ ክኒኑ ሰዓት አለው። ጸበል ከጠጡ በኋላ ሌላ ነገር ወደ አፍ ማስገባት ብዙዎችን ይከብዳቸው ነበር። ጸበሉን ማቃለል የመሰላቸውም አሉ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በይፋ ወጥተው ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል አሉ። ይህን ሐኪም መቶ ጊዜ ቢለው አይሰማም ነበር። ጸበሉን የሚሰጠው ወገን ሲለው ተሰማ።

በሐረር በኩል ደግሞ ቢሲዲሞ አለች። እ.ኤ.አ. በ1958 ጀርመኖች የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የከፈቱባት። (የመጽሐፍ ቅዱሱ ለምጽና የዛሬው ሥጋ ደዌ አንድ አይደሉም ይላሉ የሚያውቁት፤ ሰው ግን በአንድ ዓይን ነው ያያቸው።) ያኔ ሕክምናው የዓመታት ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ግን የተቀናጁት መድኃኒቶች መጡ፤ ዛሬ በ6 ወይም በ12 ወር ይጨርሱታል። ሕሙማኑ ጸበላቸውንና ጸሎታቸውን ትተው አልነበረም የሚታከሙት። ክኒኑም ዮርዳኖስን አልተቀየመም።

ስለዚህ ሰው ምከረኝ ቢለኝ፣ ዕቃውን አይቶ አይፍረድ እላለሁ። ዕቃውን የሰጠው ሰው ምን እንደጠየቀ ይይ። ቅድሚያ ገንዘብ ከጠየቀ ግያዝ ነው፣ በረጅሙ ተከትሎሃል። ክኒንህን ጣል ካለ ደግሞ ከግያዝም ይከፋል፤ ግያዝ እንኳ ንዕማንን ከዳነ በኋላ ነው የዘረፈው። በአገራችን ሕግም ቢሆን ሰውን አታልሎ ገንዘብ መቀበል ወንጀል ነው። ግን ማን ይከሳል? እናቴን ክሰሺ ብላት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ገንዘቡን ለሰው የሰጠችው አይመስላትም፤ ለእግዚአብሔር የሰጠች ነው የሚመስላት። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። ሰዎቹ የሚተማመኑት በዚህ ጨዋነት ላይ ነው።

ከሆስፒታል ስትወጣ የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት መጡ። ቡና ተፈላ። ነገሩን ነገርናቸው። እኔ ትንሽ ተግሣጽ ጠብቄ ነበር፤ የማንም ዘይት ለምን ተቀባሽ ይሏታል ብዬ። አላሉም።

«መርፌውን ተዪ ያለሽ ማነው?» አሏት።

ዝም አለች።

«እኔ የደም ግፊት ክኒኔን ከቅዳሴ መልስ ነው የምውጠው» አሉና ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩዋት። ብልቃጧ ከመስቀላቸው ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ነበረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌውን አላቋረጠችም። ጠዋት ጸበል ትጠጣለች፣ ስኳሯን ትለካለች፣ ትወጋለች፣ ቁርሷን ትበላለች። ወንድሜ ግን ዘይቱን አልረሳውም። ባለፈው ሳምንት ፍሪጁን ሲያጸዳ አገኘውና ሊደፋው ወደ ማጠቢያው ሄደ። እናቴ ከሳሎን አይታው ተነሳች። ከእጁ ቀማችው። ክዳኗን አጥብቃ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ወደ ቦታዋ መለሰቻት፤ ከኢንሱሊኑ ጎን።

«ተወው እንጂ» አለችው፤ «ዘይቱ ምን አጠፋ?»